መጀመሪያ ሽቦው፣ ከዚያ ቻርጀሩ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። እኔና ባለቤቴ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ባትሪዋ 45 ኪሎዋት ሰዓት ነው ብለውናል። ባለቤቴ ከተማ ውስጥና ወደ ገጠር ወጣ እያለ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ደግሞ አዲስ አበባ ይሄዳል። የምንሞላው ሳሎን ካለው ሶኬት በመስኮት ኬብል እያወጣን ነው። ሌሊቱን ሙሉ አድሮም አይሞላም። የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን 7 ኪሎዋት ቻርጀር ግዙ፣ ቆጣሪውንም ሦስት ፌዝ አስደርጉ አለን። ባለቤቴ ልቡ ሸፍቷል። እኔ ግን የመኪናዋ ዕዳ ራሱ ገና አላለቀም፣ ሶኬቱ ምን ጎደለው ባይ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉ። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ሒሳቡን ለሦስት ነው የምንካፈለው። እነሱም ማጉረምረም ጀምረዋል። ባለፈው እንጀራ እየተጋገረ መኪናዋን ስንሰካ ቤቱ በሙሉ ጨለመ። አንድ ቀን ደግሞ ቻርጀሩ ቀይ እያበራ እምቢ ብሎን ኤሌክትሪሺያኑ ሶኬቱን ከፍቶ አንድ ነገር ነካካና ሠራልን። ከእኔና ከባለቤቴ ማን ነው ትክክል?

መልስ፦

እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ትክክል እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን አንቺ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ ያለፍሻትን አንድ ነገር ላንሳ። ቻርጀሩ ቀይ ሲያበራ ሰውየው ሶኬቱን ከፍቶ "አንድ ነገር ነካካ" ያልሽውን።

ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ኃይል ከመልቀቁ በፊት የምድር ሽቦ፣ ማለትም ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ መኖሩን ይፈትሻል። ካጣው ቀይ ያበራል፣ አይሠራም። የብዙ ቤት ሶኬት ፊቱ ላይ የምድር መያዣ ብረቶቹ አሉት፤ ከኋላ ሲከፈት ግን ምንም ሽቦ አልታሰረባቸውም። አንዳንድ ባለሙያ ታዲያ ምን ያደርጋል? ከኒውትራሉ፣ ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ፣ አጭር ሽቦ ቀጥሎ የምድሩ ቦታ ላይ ያስራል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ አረንጓዴ ያበራል። ሰውየውም ተመስግኖ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ኒውትራሉ አንድ ቀን ሲላላ ወይም ሲበጠስ ነው። ያኔ የመኪናዋ ቆርቆሮ ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። ሐምሌ ላይ፣ ግቢው ጭቃ ሆኖ፣ ልጅ በባዶ እግሩ መጥቶ የበሩን እጀታ ሲይዝ አስቢው።

ያንቺ ሰው ይህን አድርጓል ብዬ አልፈርድበትም፣ አላየሁትም። ምናልባት የላላ ሽቦ አጥብቆ ይሆናል። ግን ሌላ ባለሙያ ሶኬቱን ከፍቶ እስኪያየው ድረስ መኪናዋን እዚያ አትሰኩ። የምድር ሽቦ ከሌለ መፍትሔው ግልጽ ነው። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለው መሬት ውስጥ ይመታል፣ ከዘንጉ እስከ ሶኬቱ የራሱ ሽቦ ይዘረጋል፣ ከዚያ በመሣሪያ ይለካል። "አለቀ፣ ይሠራል" የሚልሽን ሰው "ለካኸው ወይ?" በይው። ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ ራሱ የሚዘጋ ብሬከርም ይጨመርበት። ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ "ይቅርብን" የማይባለው ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ነው ያልሽኝ። እንዲህ ያለች መኪና ዳገትና ቁልቁለት በሚበዛበት አገር ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃለች ብለን እንያዝ። ለ40ው ወደ 7 ይደርሳል። ሲሞላ በሙቀት የሚባክን ስላለ ከቆጣሪው የሚወጣው 8 ያህል ነው። ተራው ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ስለዚህ የቀኑን ለመተካት አራት ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

"ሌሊቱን ሙሉ አድሮም አይሞላም" ያልሽው ውሸት ሆኖ አይደለም። ባዶ እስክትሆን ጠብቃችሁ ስለምትሰኳት ነው። 45ቱን ከዜሮ ተነስቶ በ2.2 ኪሎዋት መሙላት አንድ ቀን ከሌሊቱ ይወስዳል። ይህ የቤንዚን መኪና ልማድ ነው፤ መብራቱ እስኪበራ ነድቶ ማደያ መሄድ። ይቺን ግን ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ነው የምትነዷት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብትሰካ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ታገኛለች። ባለቤትሽ ከሚነዳው ይተርፋል። ከባዶ ብትነሳ እንኳ ትርፉ እየተጠራቀመ በሳምንት ገደማ ሙሉ ትሆናለች።

በብር ምን ያህል ነው? ታሪፉ በየጊዜው ስለሚለወጥ ያንቺን ከቢልሽ ላይ እዪው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ለስሌት እንዲመቸን በ6 ብር እንያዘው። በወር 26 ቀን ቢነዳ 208 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወደ 1,250 ብር ይመጣል። ይህንኑ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ የቤንዚን መኪና ብትሄደው 83 ሊትር ያስፈልጋታል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ ከ8,300 ብር በላይ ነው። ያውም ማደያ ላይ ከተገኘ። በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን አላነሳሁም።

ገንዘቡ ገና መኪናዋን ስትገዙ ድኗል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በሶኬትም ሞላችሁ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር፣ የሚቆጥረው ያው ቆጣሪ ነው። ቀስ ብሎ ሲሞላ መኪናዋ ረጅም ሰዓት ነቅታ ስለምትቆይ ብክነቱ በመጠኑ ከፍ ይላል። በወር ግን የአንድ ሁለት ማኪያቶ ዋጋ ቢሆን ነው። ስለዚህ "ትልቁ ቻርጀር መብራት ይቆጥባል" የሚላችሁ ካለ አትስሙት። "ትልቁ ቻርጀር ባትሪ ይገድላል" የሚለውንም እንዲሁ። ባትሪውን የሚያሞቀው የትላልቆቹ ጣቢያዎች ፈጣን ቻርጅ ነው። 7 ኪሎዋት ለእንዲህ ያለ ባትሪ ገና ዝግ ያለ ነው።

የባለቤትሽን ወገን ልያዝ ደግሞ። የምቾት ነገር ቀላል አይደለም። ደክሞት ማታ ሦስት ሰዓት የገባ ሰው ኬብል በመስኮት ሲጎትት፣ ምጣድ ተነሳ አልተነሳ እያለ ሲጠብቅ መታየት የለበትም። ግን ይህን ችግር የሚፈታው ፍጥነት ሳይሆን ጥሩ ቦታ ላይ የተተከለ ሶኬት ነው። ወጥቶ ሰክቶ መግባት። መኪናዋ ራሷ ሰዓት ተሞልቶላት የምትጀምር ከሆነችማ ማንም ሌሊት አይነሳም። አብዛኞቹ ይህን ማስተካከያ ስክሪናቸው ላይ አላቸው። ቋንቋው ቻይንኛ ከሆነ ልጆቹን ጠይቋቸው፣ በስልክ ካሜራ ይተረጉሙላችኋል።

ሁለተኛው ምክንያቱ አዲስ አበባ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ግን ቻርጀሩ አይረዳውም። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የ45 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በደህና ቀን ከ250 እስከ 280 ቢያስኬድ ነው። በሰባት ሰዓትም ሙሉት በአንድ ቀን፣ ጋኑ ያው ነው። መሃል ላይ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርድ መኪናዋ ፍሬን በያዘች ቁጥር ባትሪውን መልሳ ትሞላለች። ደስ ይላል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ያያል። ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ግን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ከነሰዉ 1,800 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። ጎማውና ንፋሱ የሚወስዱት ለብቻው ነው። ሲወርድ ያገኘው ይህን ሁሉ አይከፍልለትም።

ስለዚህ መንገድ ላይ መጨመር አለበት። የት እንደሚጨምር ከመነሳቱ በፊት ደውሎ ያረጋግጥ። "ምሳ እየበላሁ ከሆቴሉ ሶኬት እሞላለሁ" ካለ ደግሞ አንድ ሰዓት በተራ ሶኬት የምትሰጠው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር መሆኑን ንገሪው። ከቤት ሙሉ ሆና እንድትወጣ ግን ትልቅ ቻርጀር አያስፈልግም። እሑድ የሚሄድ ከሆነ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ይሰካት፤ ቅዳሜ ማታ ሞልታ ታድራለች።

ሦስተኛው ክርክር ግን ጠንካራ ነው። እሱ ባያነሳው እንኳ እኔ አነሳለታለሁ። መብራቱ ይጠፋል። ሁለት ቀን ጠፍቶ ለአምስት ሰዓት ብቻ መጣ እንበል። ሶኬቱ በዚያች አምስት ሰዓት ከቆጣሪው 11 ኪሎዋት ሰዓት ይስባል፣ ትልቁ ቻርጀር 35። በ11ዱ 55 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ነው፣ በ35ቱ ግን ባዶ ብትሆን እንኳ ከግማሽ በላይ ትሞላለች። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። የእናንተ ሰፈር መስመር ደጋግሞ ለረጅም ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ የባለቤትሽ ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ማታ ጠፍቶ ጠዋት የሚመለስ ዓይነት ከሆነ ግን ባትሪውን ከግማሽ በታች አለማውረድ ይበቃል። መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ ይሰካ። ዛሬ 70 ከመቶ አላት ተብሎ አይታለፍ፤ ነገ መብራት መኖሩን ማን ያውቃል። በጄኔሬተር እንሙላ የሚለውን ደግሞ እንዳታስቡት። ያ ሲዞር ሲዞር ቤንዚን መኪና መንዳት ነው።

አሁን ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኮረንቲ በአንድ ፈንታ በሦስት መስመር የሚገባበትን፣ ስላላችሁ ሰው። እንደ እናንተ ያሉ አብዛኞቹ መኪኖች በቤት ኮረንቲ ሲሞሉ የሚቀበሉት በአንድ ፌዝ ነው። የሚቀበሉትም ቢበዛ 7 ኪሎዋት ነው፤ 3.3 ብቻ የሚቀበሉም አሉ። የእናንተዋ ከእነዚህ ከሆነች በ7 ኪሎዋቱ ቻርጀር የሚወጣው ብር ግማሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የመኪናዋን መጽሐፍ እዩ። ሦስት ፌዝ ጥቅም የለውም አልልም። ምጣዱ በአንዱ ፌዝ፣ መኪናዋ በሌላው ሆኖ ግቢው ይተነፍሳል። ለመኪናዋ ብላችሁ ግን አታስገቡት።

ቤቱ ለምን ጨለመ? የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በእናንተ ግቢ ሦስት አባወራ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ አንድ ላይ ቢጋግሩ 7 ኪሎዋት ሞላ። መኪናዋ ስትጨመር ብሬከሩ ይወርዳል፣ ሥራው ነው። ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት የሚል ካለ ሽቦውም አብሮ መቀየሩን ጠይቂ። ሽቦው ቀጭን እንደሆነ ብሬከሩ ብቻ ካደገ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ምጣድ ደግሞ ጋግሮ አንድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል። መኪናዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳታቋርጥ ትስባለች። ለምጣድ የቻለ ሽቦ ለእሷ ላይችል ይችላል።

ይህን አንቺ ራስሽ ልትፈትሺው ትችያለሽ። መኪናዋ ተሰክታ አንድ ሰዓት ሲሆናት የፕለጉን ጭንቅላት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅሽን የሚያስነሳ ከሆነ አቁሚ። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተሽ፣ ያ ሶኬት አልቆለታል። ዲቫይደር ላይ በፍጹም አይሰካም። የተጠቀለለ ኬብልም ሳይፈታ አይሰካም፣ በራሱ ሙቀት ይቀልጣል። የቻርጀሩ ሳጥን በፕለጉ ላይ ተንጠልጥሎ ሶኬቱን ወደ ታች እንዳይጎትት ሚስማር መትተሽ ስቀይው። በመስኮት የሚወጣውን ኬብል መስኮቱ ሲዘጋ እየቆረጠው እንዳይሆንም እዪው።

እኔ ብሆን ገንዘቤን የት እንደማውለው ልንገርሽ። ከዋናው ብሬከር ሳጥን እስከ መኪናዋ ማቆሚያ ድረስ ለእሷ ብቻ የሚሆን 6 ካሬ ሽቦ አስጎትታለሁ። የራሱን ብሬከርና ከላይ ያልኩትን የምድር ሽቦ አስገባለታለሁ። በረንዳው ጣሪያ ሥር፣ የክረምት ዝናብ በጎን እየመታ በማይደርስበት ቦታ፣ ጠንካራ የ16 አምፔር ሶኬት አስተክላለሁ። አሁን ባላችሁ ቻርጀር እጀምራለሁ። አልበቃ ካለ 16 አምፔር የሚሠራውን እገዛለሁ፤ 3.5 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ዋጋውም ከግድግዳው ዓይነት ይቀላል። ለ6 ካሬ ሽቦ ዛሬ ከቀጭኑ ከፍ ያለ ብር ትከፍያለሽ፤ ነገር ግን ከዓመት በኋላ 7 ኪሎዋቱን ብትፈልጉ ግድግዳ ሳይቆፈር እዚያው ቦታ ይሰቀላል። ቀጭን ሽቦ አስጎትቶ በዓመቱ ደግሞ ማስነቀል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ማታ መብራቱ ሲደክም፣ ማለትም ሁሉም ወጥ ሲሠራና ሲጋግር፣ ቻርጀሩ እየቆመ ካስቸገራችሁ አምፔሩን ወደ 8 ዝቅ አድርጉት። ብዙዎቹ ቻርጀሮች ቁልፍ አላቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ መስመሩ ይሻለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ሲመለስ ይዘላልና። ነጎድጓድ ሲጀምር ንቀሉት። የእኛ አገር ክረምት መብረቁን ታውቂዋለሽ።

የተከራዮቹ ነገር ላይ ልከራከርሽ ነው። ለሦስት መካፈሉ መኪና ሳይኖር ልክ ነበር። አሁን ግን በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት እናንተ ጨምራችሁ እነሱ እያንዳንዳቸው ሲሶ ሲሶውን ይከፍላሉ። ደረጃው ከፍ በማለቱ የእነሱ የአምፖል ዋጋ ራሱ ተወዷል። ማጉረምረማቸው ሲያንሳቸው ነው እላለሁ። በአዲሱ የመኪና መስመር ላይ ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ አስገቡ። በየወሩ መጨረሻ ከተከራዮቹ አንዱ ባለበት ይነበብ። የመኪናዋ ድርሻ ይነሳ፣ ቀሪው ለሦስት ይከፈል። የደረጃው ጭማሪም በእናንተ ላይ ይሁን። ላለፉት ወራትም እንደ ምንም ብላችሁ ካሱአቸው። ዕቃውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ማን ትክክል ነው? አሁን 7 ኪሎዋቱን አለመግዛት በሚለው አንቺ ትክክል ነሽ። "ሶኬቱ ምን ጎደለው" በሚለው ግን ባለቤትሽ ይረታሻል፣ ብዙ ነገር ጎድሎታል። ዕዳችሁ ገና ነውና ሁሉንም በአንድ ወር አታድርጉት። የምድር ሽቦውና አዲሱ መስመር በዚህ ወር፣ የውስጥ ቆጣሪው አብሮ፣ ቻርጀሩ ሲደርስ ይደርሳል።

አንድ ነገር ላኪልኝ። የዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈውን ቁጥርና በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ያለውን የኪሎዋት ቁጥር። ብሬከሩ 32 ከሆነ 7 ኪሎዋቱ ቻርጀር ብቻውን ይሞላዋል፣ ለምጣድም ለፍሪጅም ቦታ አይተርፍም። ያኔ መብራት ኃይል ሄዳችሁ አቅም ማሳደጊያ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ስንት እንደሚያስከፍል እዚያው ጠይቂና በደብዳቤው ጨምሪልኝ።